ስላልተመለሰው ሰማያዊ ካናቴራ

ለተከበሩ አቶ ሰውአገኝ፣
በክፍለ ከተማችን የወጣቶች በጎ ፈቃድና የሥራ ስምሪት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ጎንደር።

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከጥምቀት ማግሥት አንሥቶ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲመላለስ የከረመው ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወንበሩ ወገብዎን አልጎዳውም? ማይክሮፎኑስ ድምፅዎን አላሰለለውም? እኛ በመልካም አስተዳደርዎ ሥር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እኔ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ዜማ የማስተምር፣ ሰፈርተኛው የኔታ የሚለኝ፣ መሪጌታ ህሩይ ነኝ። ደጅዎን ደጋግሜ ስለጠናሁ እርስዎ ፊቴን ባያውቁት እንኳ የበሩ ጥበቃ ጫማዬን ያውቀዋል።

እንደሚያውቁት ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ከበሮውም ጸናጽሉም ተሰቅሏል። የእኛ ቤት ሰው የሆዱን የሚተነፍሰው በወረብ ነውና፣ ወረቡ እስኪመለስ ድረስ እጄን የማሳርፍበት ባጣ ብዕር አነሣሁ። ደብዳቤውን በግልጽ መጻፌም እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎት። በፖስታ እያሸግሁ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ከመዝገብ ቤት አልፈው ጠረጴዛዎ ላይ እንዳልደረሱ ጸሓፊዎ በትሕትና ነግራኛለች። ታሽጎ የሄደው ካልደረሰ ተገልጦ የሄደው ይደርስ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ።

ልጄ ወለተሩፋኤል አምና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች። በአገር አቀፉ ፈተና እንደ ብዙ እኩዮቿ የማለፊያው ነጥብ አልሞላላትም። ቤት ተቀምጣ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ በነበረበት ሰሞን የጽሕፈት ቤትዎ ድምፅ ማጉያ ባጃጅ ላይ ተጭኖ በሰፈራችን ዞረ። በበጎ ፈቃድ ያገለገለ የድጋፍ ደብዳቤ ያገኛል፣ የድጋፍ ደብዳቤ የያዘ ሥራ ያገኛል ይል ነበር። እኔ የድምፅ ነገር ሥራዬ ነውና ድምፁን ወደድሁት። ልጄ ደግሞ ቃሉን አመነችው። ሄዳ ተመዘገበች። ክረምቱን በሙሉ ሕፃናት አስጠናች፣ ጧሪ ያጡ ሰዎችን ግድግዳ በጭቃ መረገች፣ ከበዓል በኋላ መንገድ ጠረገች፣ ደም ልገሳ ሲባል ክንዷን ዘረጋች። ማታ ስትመጣ ጭቃው ከጥፍሯ አይለቅም ነበር። እናቷ ብትቆጣም እኔ፣ የዋህ ሰው ነኝና፣ ይህ ሁሉ የትም አይወድቅም እላት ነበር።

እንዳልሁትም አልወደቀም። በኮሶዬ፣ በደባርቅ መንገድ ላይ፣ ወይዘሮ እጅጋየሁ የሚባሉ ሴት የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። እንግዳ የምትቀበል ልጅ ሲፈልጉ ወለተሩፋኤልን አይተው ወደዷት። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተጻፈ፣ ምግባሯን የሚመሰክር የድጋፍ ደብዳቤ። ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ብርድ ልብሶቹን ጠቅልላ ስለጠፋች አይፈረድባቸውም፤ የኮሶዬን ሌሊት ያለ ብርድ ልብስ ያደረ እንግዳ ተመልሶ አይመጣም። ቦታውን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሊጠብቁላት ቃል ገብተዋል። ከዚያ ካለፈ ለሌላ ይሰጣሉ።

የድጋፍ ደብዳቤው ግን የጽሕፈት ቤቱን ካናቴራ አልመለሰችም ተብሎ ተከልክሏል። ነገሩ ይኸው ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ካናቴራው ራሱ አመሰግናለሁ። ሰማያዊ ነው፤ ሸጋ ቀለም ነው። በጀርባው ላይ በነጭ ፊደል «ዛሬ ችግኝ ተክያለሁ» ይላል። መጀመሪያ የተሠራው ለችግኝ ተከላ ነበርና አባባሉ ያኔ ትክክል ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ቁጠባን ስለሚያውቅ ያንኑ ካናቴራ በደም ልገሳውም፣ በጭቃ ምርጊቱም፣ በመንገድ ጠረጋውም አዋለው። በጥምቀት ዕለት ታቦታቱ ወደ ቀሐ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ በፊታቸው ምንጣፍ እየዘረጉና እየጠቀለሉ የሚሮጡት ወጣቶች ሁሉ በጀርባቸው «ዛሬ ችግኝ ተክያለሁ» ይሉ ነበር። የጎንደር ሰው ጨዋ ነውና የት እንደተከሉት አልጠየቃቸውም። ደግሞም ካናቴራው ሥርዓት አለው። ካሜራው ሲመጣ ይታደላል፤ ካሜራው ሲሄድ ይሰበሰባል። በጥምቀት ብቻ፣ በዓሉ ከከተራ እስከ ማግሥቱ ስለሚዘልቅ፣ ከልጆቹ ጋር እንዲያድር ተፈቀደ። መከራው ሁሉ የመጣው ከዚያች አንዲት ቸርነትዎ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መጀመሪያ ርዳታ ሳጥኑ አመሰግናለሁ። ነጭ፣ ቀይ መስቀል ያለበት፣ ከሩቅ የሚታይ ሳጥን ነበር። በጥምቀት ጠዋት እርስዎ ራስዎ ከፈቱት፣ ወጣቶቹ ከበው ቆሙ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ከዚያም ንብረት እንዳይባክን ተቆለፈ፤ ቁልፉም በኮትዎ ኪስ ሆኖ ወደ ክብር እንግዶች ድንኳን ገባ። ከመግባትዎ በፊት ያደረጉትን ንግግር ልጄ እስከ ዛሬ በቃሏ ትይዘዋለች። በጎ ፈቃድ የሚጀምረው ከገዛ ቤት ነው፣ የወለዱንን እናቶችና አባቶች ያላሰበ እጅ ለአገር አይተርፍም ብለው ነበር። ብዙ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እንደጠረጉ ነግራኛለች። እኔም ስሰማው ወደድሁት፤ አሁንም እወደዋለሁ፤ እባክዎ ይህን ንግግር እስከ ደብዳቤው መጨረሻ አይርሱብኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ጽሕፈት ቤትዎ አልሆነም ስለሚል፣ እኔ እንደ ተረት ልንገርዎ። ውኃው ተባርኮ መረጨት ሲጀምር ሕዝቡ ጠበል ለማግኘት እንደ ልማዱ ገፋ። አንዲት ያረጁ እናት በጥምቀተ ባሕሩ ግንብ ላይ ከተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮች አንዱ አደናቀፋቸውና ወደቁ። ቅልጥማቸው ተተርትሮ ደሙ ነጠላቸውን አራሰው። ልጄ ሳጥኑን ብታይ ተቆልፏል። ወደ ድንኳኑ ብትሮጥ በሩ ላይ የነበረው አስተናባሪ፣ ኃላፊው ከእንግዶች ጋር ፎቶ እየተነሡ ነውና ጠብቂ አላት። ልጄ አልጠበቀችም። ይህ ጥፋቷ ነው፤ አባቷም ብሆን አልክድም። ተመልሳ ከሐበሻ ቀሚሷ በላይ የደረበችውን ካናቴራ አወለቀች፣ ስፌቱን በጥርሷ ያዘች፣ ቀደደችው፣ የሴትየዋንም እግር ጠቅልላ አሰረች።

ከዚያ ይታየው ከሚባለው የአገልግሎት ጓደኛዋ ጋር ሆና ሴትየዋን ደግፈው ወደ አስፋልቱ አወጧቸው። ጌቾ የሚባል የሰፈራችን ልጅ በባጃጁ ጫናቸው። ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ሲሏቸው፣ ዛሬ ጠበል ለተረጨሁት ለእኔ ሐኪም ምን ይጨምርልኛል አሉ። ልጅ የለዎትም ወይ፣ እንጥራልዎት ቢሏቸው ደግሞ፣ አለኝ፣ ነገር ግን ዛሬ ሥራ በዝቶበታልና አታስቸግሩት አሉ። አንድ መታጠፊያ ላይ እዚሁ አውርዱኝ፣ ቤቴ ቅርብ ነው ብለው ወረዱ። ልጄን ግንባሯን ስመው፣ ጉልበትሽ አይዛል ብለው መረቋት። ስማቸውን አልጠየቀቻቸውም። ደም የሚፈሰውን ሰው መጀመሪያ ስሙን መጠየቅ እንደሚገባ በሥልጠናው ቀን አልተነገራትም ነበር።

ሦስተኛ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊዋን ወይዘሮ አዜብን ስለሰጡን አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ለመንግሥት ንብረት የሚቆረቆር ሰው ከየትም አይገኝም። ካናቴራው ካልተመለሰ ክሊራንስ የለም፣ ክሊራንስ ከሌለ የድጋፍ ደብዳቤ የለም አሉን። እኔም መልካም ብዬ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ያንኑ የመሰለ ሰማያዊ ካናቴራ ገዛሁ። ወይዘሮ አዜብ መስኮት አጠገብ ወስደው በብርሃን አዩት፤ ጽሑፍ ስለሌለበት አልቀበልም አሉ። እውነታቸውን ነው ብዬ ማተሚያ ቤት ወስጄ «ዛሬ ችግኝ ተክያለሁ» አስባልሁበት። በማግሥቱ ስመለስ ወይዘሮ አዜብ ደነገጡ። የመንግሥትን ጽሑፍ ያለ ፈቃድ ማሳተም ፎርጅድ መሆኑን፣ በዕድሜዬና በማዕረጌ አፍረው እንጂ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ እንደነበረባቸው በለሆሳስ ነገሩኝ። ባዶውን ይዤ ስሄድ ጎዶሎ፣ ሞልቼ ስሄድ ወንጀለኛ ሆንሁ። ካናቴራው አሁን እኔ ቤት አለ። ጠዋት ጠዋት ስለሚበርድ ከቀሚሴ ሥር እለብሰዋለሁ። ዜማ የማስተምራቸው ልጆች ጀርባዬን ባለማየታቸው ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ኮሚቴው። ይህን ምስጋና ትንሽ አረዝመዋለሁ፤ ይገባዋልና።

አቤት ብንልዎ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋሙልን። ለአንድ ካናቴራ ይህን ያህል መድከምዎን የሰማ ሁሉ ተደንቋል። ኮሚቴው ልጄን ጠርቶ አዳመጣት። ይታየው መሰከረ፤ ጓደኛዋ ስለሆነ ምስክርነቱ አልተያዘለትም። ጌቾ መሰከረ፤ ባጃጁ ላይ የፈሰሰውን ደም አጥቦት ስለነበር የእሱም አልተያዘም። በመጨረሻ ተጎድተዋል የተባሉት ሴት ራሳቸው የነዋሪነት መታወቂያቸውን ይዘው ይቅረቡ ተባለ። ልጄና ይታየው ያችን መታጠፊያ ቤት ለቤት ዞሯት። አንዱ ውሻ አባረራቸው፣ አንዷ ሴት ደግሞ ለምዝገባ የመጡ መስሏት በሯን ዘጋችባቸው። አላገኟቸውም።

በዚህ መካከል ጽሕፈት ቤትዎ የጥምቀትን ሪፖርት በፌስቡክ ገጹ አወጣ። ዘንድሮ በዓሉ አንድም ሰው ሳይጎዳ በሰላም ተጠናቀቀ ይላል። ለዚህም የምስጋና ሰርተፊኬት ከነፍሬሙ እንደተሸለሙ በፎቶ አይተናል፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ኮሚቴውም ሪፖርቱን መሠረት አድርጎ ውሳኔውን ሰጠ። እኔ በትርጓሜ ቤት ደጃፍ ያለፍሁ ሰው ነኝ፤ አንዱ ቃል በአንድምታ እየተመዘዘ ወዴት እንደሚሄድ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም። ሪፖርቱ እንደሚለው ጉዳት አልደረሰም። ጉዳት ካልደረሰ የተጎዳ ሰው የለም። የተጎዳ ሰው ከሌለ የሚታሰር ቁስል የለም። የሚታሰር ቁስል ከሌለ የተቀደደ ካናቴራ የለም። ያልተቀደደ ካናቴራ ካልተመለሰ ደግሞ ልጂቱ ደብቃዋለች። ወለተሩፋኤል፣ የመሪጌታ ህሩይ ልጅ፣ ሰማያዊ ካናቴራ ሰርቃለች ማለት ነው።

ይህ ቃል ኮሶዬ ከደረሰ ወይዘሮ እጅጋየሁ ምን እንደሚሉ አያጡትም። ብርድ ልብስ የተሰረቀባት ሴት ካናቴራ የሰረቀች ልጅ አትቀጥርም።

አምስተኛ፣ ስለ ባነሩ። ሰሞኑን በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ለመጪው ክረምት በጎ ፈቃደኞችን የሚጠራ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። በባነሩ ላይ አንዲት ልጅ ሰማያዊ ካናቴራ ለብሳ፣ የአንድ ሕፃን ደብተር ይዛ ትስቃለች። ልጄ ናት። እሷ ክሊራንስ ተከልክላ በወጣችና በገባች ቁጥር በራሷ ፎቶ ሥር ታልፋለች። አንድ ቀን ጥበቃው አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ አየና፣ ምነው እንዲህ ያለችውን ልጅ ያንገላቷታል አለ። ሌላ ሰው ያለው አልሰማሁም፤ ለጥበቃው ክብር ይስጥልኝ።

ስድስተኛም ነበረኝ። ልጄ ጽሑፉን አንብባ፣ አባዬ ይህስ በዛ ብላ ሰረዘችው።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላስቀምጥና የአባት ነገር ልናገር። አንጀቴ አርሯል። ኮሚቴው ውሳኔውን በሰጠ ዕለት ልጄ ስትመጣ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ኖሮ በወጣላት ነበር። ራት እንደቀረበ፣ አባዬ፣ ሴትየዋን እንዳላየሁ ሆኜ ባልፍ ይሻለኝ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ሲጠይቁኝ የምመልስ ሰው ነኝ። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ በመንገድ ዳር የወደቀውን አይተው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው ጥሩ ሰዎች አልነበሩም ብያታለሁ። አሁን ግን ካህኑም ሌዋዊውም ክሊራንሳቸውን ይዘው እንደሄዱ፣ የሳምራዊው ልብስ ብቻ እንደጎደለ አሰብሁ። የለም ልጄ፣ አይሻልም አልኋት። ድምፄ ግን እንደ ሁልጊዜው አልቆመልኝም፤ እሷም ሰማችው።

ለእሷ ብቻ አይደለም የማዝነው። ይታየው ክረምቱን በሙሉ ከማንም ቀድሞ አካፋ የሚያነሣ ልጅ ነበር። ባለፈው ሰሞን አንድ ሽማግሌ ጆንያ ሊሸከሙ ሲጎብጡ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲያይ አየሁት። ከብዙ ማመንታት በኋላ እጁን አወጣና አነሣላቸው። ያ በመካከል የቆመበት ጊዜ የመጣው ከጽሕፈት ቤትዎ ነው። ሥራ ያጣ ልጅ ዛሬ ባያገኝ ነገ ያገኛል፤ እጁን ኪሱ መክተት የለመደን ልጅ ግን የትኛው ኮሚቴ እንደሚመልሰው እኔ አላውቅም።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ካሳ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልጠይቅም፣ ባነሩንም አያውርዱት፤ ደስ ይላታል። ወለተሩፋኤል አገለገለች፣ ታማኝ ናት የሚል አንድ ወረቀት ከማኅተም ጋር ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት ይስጧት። የኮሶዬ መኪና ጠዋት ጠዋት ስለሚነሣ ወረቀቱን ከተቀበለች በማግሥቱ ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ደጅዎ ጫማዬን ይናፍቀው እንደሆነ እንጂ አይረገጥም።

ለዘወትር ትጋትዎ፣ ለቁልፍ አያያዝዎ፣ ለሪፖርትዎ ንጽሕና፣ እንዲሁም አንድን የዜማ መምህር ፎርጅድ ሠሪ አድርገው ባለመክሰስዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ብርሃነ ትንሣኤውን ሰርተፊኬትዎ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር በጤና ያሳይዎ፤ ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ከወንበርዎ ሲነሡም የሚደግፍዎ እጅ አያሳጣዎ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
መሪጌታ ህሩይ ተክለ ጊዮርጊስ፣
የባነሯ ልጅ አባት።

ግልባጭ፦
ለአጣሪ ኮሚቴው፣ ባለበት።
ለወይዘሮ አዜብ፣ ንብረት ክፍል።
ለበሩ ጥበቃ፣ ከምስጋና ጋር።
ለወይዘሮ እማዋይሽ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ልጄ ታነብላቸዋለች።

ከፊርማው በታች የተጨመረ፦

የሚከተለውን በደብዳቤው ውስጥ እንዳልጽፍ ወለተሩፋኤል አስምላኝ ነበር። መሐላዬን ጠብቄያለሁ፤ ከላይ እንደሚያዩት ደብዳቤው ተፈርሞ አልቋል።

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ፣ ከጽዋ ማኅበርተኞቼ አንዷ እናት ከጥምቀት ወዲህ ቀርተዋልና እንጠይቃቸው ብላ ይዛኝ ሄደች። እኔም ልጄም ከዚያ በፊት ቤታቸውን አናውቀውም ነበር። ልጄ የጾሙን ምግብ ይዛ ከኋላችን ገባች። ሴትየዋ አልጋ ላይ ነበሩ። ገና እኔን ሳይሳለሙ እጃቸውን ወደ ልጄ ዘርግተው፣ መጣሽ ወይ፣ ይህን ሁሉ ቀን ስፈልግሽ አሏት። ቁስሉ አልዳነም። በቅልጥማቸው ላይ ታጥቦ የነጣ ሰማያዊ ጨርቅ ታስሯል፤ ጨርቁ ላይ «ዛሬ ችግኝ» ይላል፤ «ተክያለሁ» የሚለው ደግሞ በአልጋው ራስጌ ተሰጥቶ ይደርቃል። እያፈራረቁ ያጥቡታል። የመንግሥት ንብረት መሆኑን ብንነግራቸው ደነገጡ፤ ባውቅ ኖሮ ተኩሼ እመልስ ነበር አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄና ይታየው ከሰዓት በኋላ እየሄዱ ቁስሉን ያጥቡላቸዋል። ሐኪምም አምጥተውላቸዋል። ካናቴራ አይለብሱም፣ ፎቶም አይነሡም፤ ስለዚህ በሪፖርት ላይገባልዎ ይችላል።

ኮሚቴው የጠየቀው መታወቂያም ተገኝቷል። ስማቸው ወይዘሮ እማዋይሽ ነው። በአደጋ ጊዜ ተጠሪ በሚለው መስመር ላይ የእርስዎ ስምና ስልክ ተጽፏል። ቤቱን አላመለክትዎትም፤ የተወለዱበት ነው። ምነው በዕለቱ አልደወሉለትም ብለን ብንጠይቃቸው፣ ሥራ ላይ ነው ብዬ ነው አሉ። ከዚያስ ወዲህ ብንላቸው፣ ስልክ ቁስል ለማውራት አይመችም፣ ሲመጣ ያየዋል ብዬ ነው አሉ። ከጥምቀት ወዲህ አልመጣም ማለታቸው ነው።

እንግዲህ ካናቴራው የት እንዳለ ስለታወቀ ክሊራንሱን የሚያግደው የለም። ለመረከብ ግን ወይዘሮ አዜብን አይላኩ፤ ወይዘሮ እማዋይሽ ለልጄ ለራሱ ካልሆነ አልሰጥም ብለዋል። ሲሄዱ ፎቶ አንሺውን ውጭ ያቁሙት። ቤቱ፣ እንደሚያስታውሱት፣ ጠባብ ነው።